ሰንጋ ተራ ላይ የለካነው ሐይቅ

ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩ ዓመት ክረምቱን ያሳለፍኩት ልደታ፣ አብነት አካባቢ፣ አንድ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጥገና ሱቅ ውስጥ ነው። ባለሱቁን ጋሼ ነበር የምላቸው። ትምህርታቸውን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆሙት። ሰው ስለ እኔ ሲጠይቃቸው "ለሙከራ የያዝኳት ልጅ ናት" ይላሉ። ሙከራው መቼ እንደሚያልቅ ስጠይቅ የመበየጃ ካውያቸውን ሳያስቀምጡ "ይታያል" ይሉኛል። "ይታያል" የሚባል ነገር ያናድደኛል። እናቴ ለሰፈሩ ሁሉ ልጄ ሥራ ይዛለች ብላ አውርታለች። እኔ ደግሞ አልያዝኩም።

አንድ ሰኞ አንድ የጀልባ ካፒቴን መጣ። የታላቅ ወንድሜ እኩያ ቢሆን ነው። ጣና ላይ ጀልባ አለው፣ ሰው ወደ ገዳማቱ ያመላልሳል። ከፌስታል ውስጥ ትንሽ ሬዲዮ የሚያህል መሣሪያ አወጣ። ሁለት ረጃጅም ሽቦ አለው። አንዱ ጫፉ ላይ ነጭ ክዳን የመሰለ ነገር አለ፣ እሱ በሳተላይት የት እንዳለህ ያውቃል። የሌላኛው ጫፍ ቡጢ የሚያክል ጥቁር ነገር ነው፣ ውኃ ውስጥ ገብቶ ጥልቀት ይለካል።

"ይኼ የሚያየውን ላፕቶፔም እንዲያይልኝ ነው" አለ። "አምና በጭጋግ ድንጋይ ላይ ወጥቼ ሦስት መነኮሳት ይዤ ግማሽ ቀን ተቀመጥኩ። ድንጋዩ ያለበትን ቦታ ላፕቶፑ ላይ ምልክት ላድርግበት።"

"መነኮሳቱ ምን አሉህ?"

"ሁለቱ ጸለዩ። አንደኛው ሰደበኝ።"

መሣሪያውንና ላፕቶፑን ትቶ ከሄደ በኋላ ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። "ዓርብ በጠዋት ወደ ባሕር ዳር ይመለሳል። እስከ ሐሙስ ከሠራሽው ቋሚ ትሆኛለሽ። ካልሠራሽው እኔም ጊዜሽን አላባክንም።"

የላፕቶፑ መሰኪያና የመሣሪያው ሽቦ አይተዋወቁም። ከመርካቶ ማገናኛ ገመድ ገዝቼ፣ ሽቦዎቹን ልጬ፣ በየቀለማቸው በየድኩ። ላፕቶፑ ዝም። ማክሰኞን ሙሉ ገመዱን ስሰድብ፣ ረቡዕን ግማሽ ቀን መርካቶን ስሰድብ ዋልኩ። ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጎንበስ አሉ።

"ይኼ ሽቦ ምንድነው?"

"መሣሪያው የሚናገርበት።"

"ያገናኘሽበትስ?"

"ላፕቶፑ የሚናገርበት።"

"ታዲያ አፍና አፍ ገጥመሽ ማን ይስማ?"

ሽቦውን ላፕቶፑ ወደሚሰማበት አዞርኩት። አሁን ደግሞ ስክሪኑ በማይነበብ ኮተት ተሞላ። ይሄኛውን እንኳን እኔ ነኝ ያወቅኩት፤ ላፕቶፑ መሣሪያው ከሚናገርበት ፍጥነት በእጥፍ ነበር የሚሰማው። ፍጥነቱን ቀነስኩት፣ መስመሮቹም ተስተካክለው ወረዱ። እያንዳንዱ መስመር በዶላር ምልክት ይጀምራል። ጋሼ "ጥሩ ምልክት ነው" አሉ። ከዶላሩ በኋላ ግን ነጠላ ሰረዝ ብቻ ነው። ቦታ የለም፣ ጥልቀት የለም።

ሐሙስ ሰባት ሰዓት ላይ ሁሉንም ሽቦ ፈትቼ እንደገና በይጄ ነበር። ካፒቴኑ መጥቶ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ጋሼ ሽሮአቸውን እየበሉ ወደ ላይ ቀና አሉ።

"ይኼ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ዕቃው ሰማዩን በየት በኩል ይየው? ውኃስ የታለ? ጀልባ ቤት ውስጥ አይሄድም እኮ።"

ስለ ሳተላይት አንድ ሴሚስተር ሙሉ ተምሬ ኤ አምጥቻለሁ። ጣሪያ ሥር ሆኜ ሳተላይት መፈለጌን ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም።

ጎረቤቶቻችን በበርሚል ያጠራቀሙት ውኃ ነበራቸው። "የጣናን አዞ ሲነካ የከረመ ዕቃ ውኃችን ውስጥ አይገባም" አሉን። ካፒቴኑ ጣና ውስጥ አዞ የለም ብሎ ሊከራከር ሲል ጎተትኩት። ቀኑ እየሄደ ነው።

ሰንጋ ተራ ላይ ለፎቅ መሠረት ተቆፍሮ የቀረ ጉድጓድ ነበር፤ ክረምቱ ሞልቶት እንቁራሪት ይጮህበታል። ዘበኛው የሬዲዮ ደንበኛችን ስለሆኑ ያስገቡናል ተባለ። ጋሼ መሣሪያው የሚሠራበትን የመኪና ባትሪ እንድሸከም አሳዩኝ።

"ለሙከራ ያለ ሰው ባትሪ አይሸከምም" አልኳቸው። ካፒቴኑ ተሸከመው።

ጉድጓዱ አፍ ላይ በሆዴ ተኝቼ ጥቁሩን ነገር በገመድ ወደ ውኃው ማውረድ ጀመርኩ። ጋሼ ጃኬቴን ይዘውኛል፤ ካፒቴኑ ለላፕቶፑ ጃንጥላ ይዟል። ከአጥሩ ውጭ አንዲት ሴትዮ ዘንቢላቸውን አስቀመጡ።

"ማን ገብቶ ነው?"

"ልጅ ነው መሰለኝ" አለ ከአላፊዎቹ አንዱ።

"ወንድ ነው ሴት?"

"ወንድ። ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር ነው አሉ።"

"አውቀዋለሁ" አለ ሌላው። "ማትሪክ ወድቆ ነው።"

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የገባው ልጅ ከእናቱ ጋር ተጣልቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ለጓደኛው ሞባይሉን ሰጥቶ ነበር። ሴትዮዋ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። እኔም አንገቴን አዙሬ፣ "ማንም አልገባም፣ ጥልቀት እየለካን ነው" አልኳቸው።

"ሊያወጡት ሲሉ ቀድመው ጥልቀቱን ነው የሚለኩት" ብሎ ያ ማትሪክ ወድቆ ነው ያለው ሰውዬ ለሌሎቹ አስረዳ። አንዷ ማልቀስ ጀመረች።

በዚህ መሀል ካፒቴኑ ጃንጥላውን ለቀቀው። "እህቴ፣ ነይ እዪ።"

ከነጠላ ሰረዞቹ መሀል ቁጥር ገብቷል። ጥልቀት፣ አራት ሜትር ከሃያ። ቦታውም መጥቷል፤ በካርታው ላይ ሰንጋ ተራ መሀል አንዲት ትንሽ ቀይ ጀልባ ቆማለች።

"የኔ ጀልባ እዚህ በደንብ ይሄዳል" አለ ካፒቴኑ፣ ከልቡ።

ሕዝቡን ሰንጥቆ ፖሊስ ገባ። ዘበኛው ጋሼን አሳዩት፣ ጋሼ ካፒቴኑን፣ ካፒቴኑ ላፕቶፑን። ፖሊሱ ግን እኔን ነው ያየው፤ ከአገጬ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነኝ።

"ይቺስ ማናት?"

ጋሼን አየኋቸው። ለሙከራ የያዝኳት እስኪሉ ጠበቅኩ። ጃኬቴን ለቀቁና እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ።

"የሱቄ ኢንጂነር ናት።"

"ከመቼ ጀምሮ?" አልኩ እኔ።

"ጥያቄ የምጠይቀው እኔ ነኝ" አለ ፖሊሱ።

"ነገ ሁለት ሰዓት ግቢ" አሉኝ ጋሼ። "እንደ ለመድሽው እንዳታረፍጂ።"

ሰዉ ቅር እያለው ተበተነ። ባለ ዘንቢሏ ሴትዮ ግን አጥሩ ጋ ቆመው፣ "ታዲያ ልጁስ፣ በቃ ውኃ ውስጥ ሊቀር ነው?" እያሉ ነበር።

ወደ አብነት ስንመለስ ባትሪውን እኔ ተሸከምኩ።