ዳንቴል የለበሱት መብራቶች

እህቴ ከዓረብ አገር አራት የፀሐይ መብራት ላከችልንና ከእናቴ ግቢ በር እስከ ቤቱ ደጃፍ ድረስ ተከልኳቸው። ቀን ከፀሐይ ቻርጅ አድርገው ማታ የሚያበሩ ናቸው። የመጀመሪያ ሰሞን እንደ ጉድ አበሩ፤ ከዚያ ደበዘዙ፤ ከዚያ ጭራሽ ድርግም አሉ።

እናቴ ግን በስልክ “ግቢው ቀን መስሏል” ማለቷን አልተወችም። እህቴም “እንግዲያው ቅዳሜ ማታ በቪዲዮ አሳዩኝ” አለች። እናቴ ጭንቅ ያዛት። “ልጄ ላቧን አፍስሳ የላከችውን አበላሹት ትበል?” እያለች እህል አልወርድ አላት።

የቤተሰቡ ቴክኒሻን እኔ ነኝ። ማዕረጉን ያገኘሁት አንድ ጊዜ ዝም ያለ ሬዲዮ በጥፊ ስመታው ስለተናገረ ነው። ከሥራ ስወጣ አመሻሽ ላይ መጥቼ መብራቶቹን በካቻቢቴ ፈታኋቸው፤ የባትሪ ድንጋዮቻቸው ጫፍ ዝጓል።

“እንደ ሬዲዮ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ብናሰጣቸውስ?” አለች እናቴ።

“ኧረ እማ! ይሄኮ ፀሐዩን ራሱ ነው የሚቀበለው!” ብዬ ተቆጣሁ። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ ቻርጅ የሚደረግ አዲስ ድንጋይ ገዝቼ ከተትኩ። መብራቶቹ በሩ። እናቴ እልል አለች፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ብዙም ሳይቆዩ ግን እንደገና ሞቱ።

አርብ በምሳ ሰዓት ድንጋዮቹን ነቅዬ ለመመለስ፣ ባለሱቁን የምሰድብበትን ቃል እየመረጥኩ ወደ እናቴ ግቢ ገሰገስኩ። መብራቶቹን ከተከልኩ ወዲህ በቀን ስመጣ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። አራቱም መብራቶች ጥቁር ፌስታል አጥልቀው፣ ከፌስታሉ በላይ እናቴ በእጇ የሠራችው ነጭ ዳንቴል ተደርቦላቸው፣ እንደ ሙሽራ ተደርድረው ቆመዋል።

“እማ፣ ምንድን ነው ይሄ?”

“ከአቧራ ነዋ! ጧት አለብሳቸዋለሁ፣ ማታ አንተ ሳትመጣ እገልጥላቸዋለሁ። የልጄ ስጦታ ፀሐይ ይብላው?”

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። እሷ ተቀየመች። ቢሆንም ፌስታሉንም ዳንቴሉንም ገፈፍን፤ ቅዳሜ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ።

ማታ እህቴ ደወለች። አራቱም ቦግ ብለዋል። እናቴ ስልኩን ይዛ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደች አስጎበኘቻት። እኔ አፌ አያርፍምና የዳንቴሉን ጉድ አወጣሁ። እህቴ ሳቋ አላቆም አለ።

“እማዬ፣ ፀሐይ ካላዩ እኮ ይደክማሉ!”

እናቴ ስልኩን አስጠግታ የእህቴን ፊት ስታጠና ቆየች።

“አንቺስ ታያለሽ?”

“ምን?”

“ፀሐይ።”

እህቴ ሳቋን ገታች። “ሥራዬ ቤት ውስጥ አይደል እማዬ። ሰገነት ላይ ልብስ ሳሰጣ አያለሁ፤ አብሽሪ።”

እኔ ስለ እሷ ይህን ጠይቄ አላውቅም።

“እንግዲያው ነገ” አለች እናቴ፣ “ልብሱን ቀስ ብለሽ አስጪው።”