ለደወል ድንጋይ የተጻፈ ማመልከቻ

ባለፈው የካቲት ሐይቅ ከተማ አንድ ስብሰባ ላይ ተጋብዤ ሄጄ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣ እምቢ አልልም፤ ከደሴ ሐይቅ በሚኒባስ ቅርብ ነው፣ ምሳውም ከውሃው የወጣ ትኩስ ዓሣ ነው። ከመድረኩ ጀርባ ሰፊ ጨርቅ ተሰቅሏል። አምባሰል ተራራ ላይ ያለውን የጥንት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ለጎብኚ ስለመክፈት የሚመክር መድረክ መሆኑን ይገልጻል። በእግሩ ወጥቶ ያየው ሰው ይኖር ይሆን ብዬ አዳራሹን ቃኘሁ። የተሰብሳቢው ጫማ መልሱን ነገረኝ።

ጥናት አቅራቢው ከረቫት ያሰረ ወጣት ምሁር ነው። ከሻይ ዕረፍት በፊት ቤተ ክርስቲያኑ እጅግ ጥንታዊ ነው አለን፤ ከሻይ በኋላ ሁለት መቶ ዓመት ጨመረበት። በየሁለት ዓረፍተ ነገሩ “መቻቻል” የምትለዋን ቃል ጣል እያደረገ የወሎን ሙስሊምና ክርስቲያን ሲያሞግስ ቆየ። ይህችን ቃል እጠላታለሁ። መቻቻል ማለት እኮ የማትወደውን ሰው ጥርስህን ነክሰህ መታገስ ነው። እኔ የማውቃቸው የአምባሰል ሰዎች ሲቻቻሉ አላየሁም፤ ሲጋቡ፣ ሲጣሉና ሲቀባበሩ እንጂ።

በመጨረሻ የድንጋይ ደወል ፎቶግራፍ አሳየን። ከሌላ ቦታ የተነሳ ነው። የዚህኛው ፍርስራሽ ደወል በጦርነቱ ጊዜ ተዘርፏል ብሎ አዘነ፤ አዳራሹም አብሮት አዘነ። በቅርቡ ያለፈብን ጦርነት ብዙ ነገር ወስዶብናል፤ የሐይቅም የውጫሌም ሰው ምን እንዳጣ ራሱ ያውቀዋል። ይህን ደወል ግን ጦርነት አልወሰደውም። የወሰድነው እኛ ነን።

ጊዜው መሬት ለአራሹ ከታወጀ በኋላ፣ ተማሪው ለዘመቻ ወደ ገጠር የተበተነበት ነው። እኔ ከአሥራ አንደኛ ክፍል ተነስቼ ከሰባት ጓደኞቼ ጋር ከውጫሌ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ የአምባሰል መንደር ሰፈርኩ። ስምንታችንም ካኪ ለብሰናል፤ ስምንታችንም ዓለምን አውቀን ጨርሰናል። በሬ ሲጠመድ በየት በኩል እንደሚቆም የማያውቅ ልጅ ስለ ምርት ግንኙነት ሁለት ሰዓት ይናገራል፤ ገበሬውም ሞፈሩን ተደግፎ ያዳምጣል። የሚያዛጋ ካለ “ንቃት ይጎድለዋል” ብለን እንመዘግበዋለን። ማታ ማታ ደግሞ ያው ንቃት የጎደለው ሰው ያዋጣውን የማሽላ እንጀራና ሹሮ እንበላለን፤ ሹሮው ቀጠነ ብሎ የሚያኮርፍም አይጠፋም ነበር።

አንድ የሚረባ ነገር ሠርተናል፤ እሱም ትምህርት ቤት ነው። ባለ አንድ ክፍል፣ በጭቃ የተመረገ፣ ቆርቆሮው ከውጫሌ በአህያ ተጭኖ የመጣ። ሲያልቅ ደወል አልነበረውም። ሌላ ቦታ የመኪና ቸርኬ ይሰቀላል፤ እኛ ዘንድ መኪና አይደርስም። የቡድናችን መሪ፣ ጺሙን ለማሳደግ ሲታገል የከረመ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ጣቱን ወደ ተራራው ቀሰረ።

“እዚያ ላይ ሥራ ፈቶ የተንጠለጠለ ደወል አለ” አለ።

ወጣን። ፍርስራሹን ያኔ ነው መጀመሪያ ያየሁት። ሣር የዋጠው ሰፊ ሜዳ፣ በጥንቃቄ የተጠረቡ ጥቁር ድንጋዮች፣ ወገብ የሚደርስ ግድግዳ፣ ሦስት የዓምድ መቆሚያዎች፣ ወደ የትም የማያስገባ ደፍ። ማን እንደሠራው የሚያውቅ የለም። እንዲያም ሆኖ በየዓመቱ ጥር ሃያ አንድ፣ በአስተርእዮ ማርያም፣ ከሐይቅ ዳርና ከቆላው ሳይቀር ሰው እየመጣ ይሳለመዋል። ደወሉ ከአንድ ወይራ ቅርንጫፍ በጠፍር የተንጠለጠለ ረዘም ያለ ስስ ድንጋይ ነበር። መሪያችን በጥፍሩ ሲነካው ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ከዚያ ጠፍሩን ቆረጥነው።

ድንጋዩን ተሸክመን ስንወርድ አባ ይማም ከቤታቸው ወጥተው ተራራው ወገብ ላይ ጠበቁን። ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙ፣ ቀጭን ረጅም የሙስሊም ሽማግሌ ናቸው። የመንደሩ ሰው እንደሚለው፣ የመጨረሻው ቄስ ቦታውን ለቆ ሲሄድ ደወሉን ለአባ ይማም ቅድመ አያት አደራ ሰጥቶታል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የበዓሉ ዕለት ከማለዳ ጀምሮ ደወሉን የሚመታው ያ ቤተሰብ ነው። ነገሩ ለጌጥ አልነበረም። በጥር የአምባሰል ጫፍ በጉም ይታፈናል፤ ወደ ፍርስራሹ የሚያወጣው መንገድ ደግሞ “አይመለሴ” በሚሉት ገደል አፋፍ ነው የሚያልፈው። ተሳላሚው በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነበር የሚሄደው።

“ወዴት ልትወስዱት ነው ልጆቼ?” አሉን።

“ለትምህርት ቤቱ ነው። ለልጅ ልጆችዎ” አልናቸው።

ትንሽ አሰቡ። “ለልጆችማ ደግ ነው። ግና አማና አለብኝ። ሃይማኖቱ የነሱ ነው፤ አማናው የኔ ነው። ለጥር ትመልሱልኛላችሁ።”

“ያለ ጥርጥር” አለ መሪያችን።

“በብረት እንዳትመቱት ደግሞ። በድንጋይ ነው እሚመታ።”

ይህችን ምክር ይዘን መንገዱን ሙሉ ስንስቅ ወረድን። ድንጋይን በድንጋይ መምታት የድንጋይ ዘመን ነው ተባለ። የተናገርኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ እንዲህ ያለ ቀልድ ይቀናኝ ነበር። እናም በመዶሻ መታነው። ሁለት ወር አልቆየም፤ በኅዳር አንድ ማለዳ ተረኛው እኔ ሆኜ ስመታው ከመሃሉ ለሁለት ተሰነጠቀና እግሬ ሥር ወደቀ።

መሪያችን አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። ነገሩን ለሕዝቡ መናገር የቡድኑን ክብር ይነካል ተብሎ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ሁለቱን ስባሪ ከትምህርት ቤቱ የኋላ ግድግዳ ሥር ቀብረን በጭቃ መረግንበት። ከዚያ በኋላ ልጆቹን በፊሽካ ጠራናቸው፤ ለጠየቀንም ደወሉ በክብር ተቀምጧል አልን።

ጥር በገባ በአሥረኛው ቀን አባ ይማም የሽምብራ ቆሎ በጨርቅ ቋጥረው መጡ። የእጅ ጽሑፌ ያምር ስለነበር የቡድኑ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ፤ ብቻዬን አገኙኝ።

“አማን ናችሁ ልጄ? ያቺን ድንጋይ ልወስድ ነበር። ወላሂ፣ በማግሥቱ እመልሳታለሁ።”

ተሰብሯል ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። እኔ ግን ወንበሬ ላይ ተመቻችቼ “ማመልከቻ ያስፈልጋል” አልኳቸው።

“ምንድን ነው እሱ ደግሞ?”

“በጽሑፍ ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ይታያል።”

“እኔ ቁርዓን እንጂ ይህን ፊደላችሁን መች አውቃለሁ?”

“ግድ የለም፤ እኔ እጽፍልዎታለሁ።”

ጻፍኩላቸውም። ለራሴ የሚቀርበውን ማመልከቻ፣ በራሴ እጅ፣ በዚያ በሚያምረው ጽሑፌ፦ ጉዳዩ፣ የደወል ድንጋይ ለአንድ ቀን በውሰት እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ። ከሥሩ ስማቸውን በዓረብኛ ፊደል ቀስ ብለው ጻፉ። ወረቀቱን አገላብጬ አየሁና ማኅተም የለውም አልኳቸው። ማኅተሙ ያለው ውጫሌ ነው። ይደክማቸውና ይተዉታል ብዬ ነበር። ሄዱ፤ እዚያው አደሩ፤ በሦስተኛው ቀን አስመትተው መጡ። ካፊያ እንዳይነካው በጥምጣማቸው ውስጥ ጠቅልለውት ነበር። ተቀበልኳቸው፣ ቁጥር ሰጠሁት፣ ፋይል ውስጥ አስገባሁትና “ኮሚቴው ሲሰበሰብ እናሳውቅዎታለን” አልኩ። መርቀውኝ ሄዱ። ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ይህን ያህል መውረድ ይችላል፤ እኔ ደግሞ ስወርድ ያደግሁ ይመስለኝ ነበር።

ጥር ሃያ አንድ መሪያችን ወደ ፍርስራሹ ላከኝ። በአጉል እምነት ውስጥ ያለውን ሕዝብ ብዛት አይቼ ሪፖርት እንዳቀርብ ነው። ከተሳላሚው ጋር አብሮ መታየት ስላሳፈረኝ በአቋራጭ ወጣሁ። ጉሙ ተራራውን ከወገቡ በላይ ውጦታል። መጀመሪያ ዛፎቹ ጠፉ፣ ቀጥሎ መንገዱ፣ በኋላ የገዛ ጫማዬ። የርጥብ ሣርና የጥድ ሽታ ብቻ ቀረ። አንዲት ጠጠር ከእግሬ ሥር ሾልካ ሄደች። ስታርፍ እሰማለሁ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልሰማሁም። አይመለሴ አፋፍ ላይ ነበርኩ።

ባለሁበት ቁጭ አልኩ። ያ ሁሉ ንግግር፣ ያ ሁሉ ንቃት፣ የት እንደገባ እንጃ፤ እናቴን ብቻ እጠራለሁ። እንዲያ ሆኜ ሳለሁ ነው ከጉሙ ውስጥ የሰው ድምፅ የሰማሁት።

“ወዲህ! ወዲህ ነው! ድምፄን ያዙ! ወዲህ!”

ያርፋል፤ ትንፋሽ ይስባል፤ እንደገና ይጀምራል። በጣም ሻክሯል፤ ከማለዳ ጀምሮ ሲጮህ እንደቆየ ያስታውቃል። በእጄና በጉልበቴ እየዳህኩ ተከተልኩት።

አባ ይማም ከፈረሰው ግድግዳ ላይ ቆመዋል። ጥምጣማቸው በጉሙ ርሶ ተፈቶ አንገታቸው ላይ ወድቋል። ከጉሙ ውስጥ አንድ ሁለት እያሉ የሚወጡ ሰዎች ነጠላቸውን አስተካክለው ያንን ደፍ ይስማሉ። ከሐይቅ ዳር የመጡ አንዲት አሮጊት በቅል አሬራ አቀበሏቸው።

“ይበቃሃል ይማም፤ ጉሮሮህ ደማ እኮ። ሁላችንም ደርሰናል” አሏቸው።

እሳቸው አሬራውን ተጎነጩና ወደ ጉሙ ጠቆሙ፤ ገና የሚመጣ አለ ማለታቸው ነው። እንደገና ጮኹ። በዚያ ቀን አንድም ሰው ገደል አልገባም።

ጉሙ ገለጥ ሲል ወርደው ወደ እኔ መጡ። ጭቃ የለበሰውን ጉልበቴንና የተላላጠውን መዳፌን አዩ። ድምፃቸው አልቆ ስለነበር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ።

“ማመልከቻዬስ ምን ደረሰ ልጄ?”

“እየታየ ነው” አልኳቸው።

“አብሽር። ለከርሞ ይደርሳል፣ ኢንሻአላህ” አሉኝ። እኔን ማጽናናታቸው ነበር።

ዘመቻው ሲያልቅ ሳልሰናበታቸው ሄድኩ። ከዓመታት በኋላ እዚያ ያስተማረ ባልደረባዬ እንደነገረኝ፣ አባ ይማም እስኪሞቱ ድረስ በየዓመቱ ጥር ሃያ አንድ በጉሮሯቸው ሲጠሩ ኖሩ። ከሳቸው በኋላ ልጃቸው ተካቸው።

ሐይቅ ላይ የአስተያየት ሰዓት ሲደርስ እጄን አወጣሁ። ማይክሮፎኑን ይዤ፣ ደወሉን ጦርነት እንዳልወሰደው፣ የሰበርነው እኛ እንደሆንን፣ ስባሪው የትኛው ግድግዳ ሥር እንዳለ ተናገርኩ። ምን እንደጠበቅሁ አላውቅም፤ ቢያንስ አንድ ሰው እንዲቆጣኝ መሰለኝ። የመድረኩ መሪ ፈገግ አለ።

“አባታችን ላካፈሉን ውብ ትዝታ እያመሰገንን፣ በግብዓትነት ወስደነዋል” አለ።

ተጨበጨበልኝ። ከዚያ ምሳ ተባለ።

ዓሣዬን እየበላሁ አዳራሹን ሙሉ ናቅሁት፤ ምሁሩን ከነከረቫቱ፣ መሪውን ከነፈገግታው። ዓሣው ሲያልቅ የምንቀው ሰው አንድ ብቻ ቀረ። ለአዳራሽ መናገር ምን ይከብዳል? ይህን መስማት የነበረባቸው አባ ይማም ሞተዋል፤ አማናውን የወረሰው ልጃቸው ግን ያለው እዚያ ተራራ ላይ ነው። እስከ ውጫሌ አውቶቡስ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ባጃጅ እስከደረሰበት፣ የቀረውን በእግር። ዳገቱን ጉልበቴ አይችለውም እያልኩ ስንት ዓመት አሳለፍኩ። ጉልበቴ አሁን እውነትም ታሟል። አባ ይማም ጆሮዬ ሥር ቆመው ሲጠይቁኝ ግን በመካከላችን ዳገት አልነበረም፤ ጉልበቴም የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ጉልበት ነበር።