ቁጭ ብሎ የማይደክመው ጡንቻ

እሁድ እሁድ ጠዋት ከዚራ ሰፈር ኳስ የሚጫወት የጤና ቡድን አለን። አብዛኞቻችን አርባን ተሻግረናል፤ ጤናውን ግን ከስሙ በቀር የትም አላየሁትም። ባለፈው ክረምት አምበላችን ገለል አድርጎኝ፣ «አቦ፣ እግርህ ከእረፍት በፊት ይዝላል። ወይ ሥራበት ወይ ቦታህን ለወንድምህ ልቀቅ» አለኝ። ለታናሽ ወንድሜ! ጫት የማይቅም፣ ጨዋታ የማያውቅ ደረቅ ሰው! ደሜ ፈላ።

በማግስቱ ታይዋን ገበያ ሄጄ ቱታ ገዛሁ፤ ጂምም ተመዘገብኩ። ጂሙ ከቤቴ ጥቂት በሮች አልፎ ነው፤ ጉልበቴን ለስፖርቱ ልቆጥብ ብዬ በባጃጅ እመላለሳለሁ። አሰልጣኙ ቀላል ክብደት አስይዞ ደጋግሞ ያሠራኛል። ጡንቻ ሳይዝል ረጅም ሰዓት እንዲሠራ ደም ኦክስጅን ማመላለሱን መልመድ አለበት ይላል።

ከሰዓት በኋላ የጫት በርጫው እኔ ቤት ነው። ጀማው ያው የእሁዱ ቡድን ነው፤ አምበሉም አይቀርም። የተማርኩትን ሳካፍላቸው ምርቃናው ሁላችንንም ሐኪም አደረገን። አንዱ ስለ ሳንባ፣ ሌላው ስለ ባት እስኪመሽ ተነተነ። ከመከዳችን ንቅንቅ ሳንል ስንቱን ሜዳ ሮጥን። እነሱ ሲሄዱ እራት አያሰኘኝም፤ ተጋድሜ ጣሪያ እያየሁ በሐሳቤ ጎል አገባለሁ።

እግሬ ጭራሽ ሲብስበት አሰልጣኙን ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ሌሊት ይተኛሉ?»

«አልፎ አልፎ።»

«እራትስ?»

«እሱም እንደዚያው።»

«ጡንቻ እኮ የሚጠነክረው ሲበሉና ሲተኙ ነው። እዚህ ያደከምነውን ቤትዎ ካልጠገኑት፣ ወላሂ፣ እኔ ምንም አላደርግልዎትም። ወይ በርጫው ወይ ኳሱ።»

ተናደድኩ። በርጫው ላይ ያለኝን ስነግራቸው ጀማው አሰልጣኙን በአንድ ድምፅ ኮነነው። ከሁሉም በላይ የጮኸው አምበሉ ነበር።

እሁድ ገና ሳያልበኝ ባቴ ተኮማተረና ሜዳው መሃል ወደቅሁ። አምበሉ እግሬን ወደ ላይ እየሳበ በሌላ እጁ ዳር የቆመውን ወንድሜን ጠራው።

«እሺ ዳኛ ልሁን» አልኩት።

«ዳኛም ይሮጣል» አለኝ በርኅራኄ።

ልብስ ጠባቂ ሆኜ ዳር ተቀመጥኩ። ወንድሜ እስከ መጨረሻው ሮጠ። ከፋኝ፤ ቀናሁበትም።

ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። አልከፍትም ብዬ ነበር፤ ከፈትኩ። ጀማው ጫቱን ይዞ ገባ፤ ለአምበሉ ደህናውን መከዳ ሰጠሁት።

«ወንድሜስ?» አልኩ።

«በላና ተኛ!» አሉና ሳቁበት። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ።