ምን ጨመርሽበት?

ከኩሽናዬ መሳቢያዎች አንዱ በደንብ አይዘጋም። ኑድል ከሚሉት የጃፓን ፓስታ ጋር በሚመጡት ትንንሽ የብር ወረቀት ፓኬቶች ተሞልቷል፤ ዶሮ የተሳለባቸው፣ ውስጣቸው ጨዋማ ዱቄት ያለባቸው ናቸው። ፓስታውን በቀቀልኩ ቁጥር ዱቄቱን እዚያ እወረውራለሁ። ባለቤቴ “ሱቅ ልትከፍቺ ነው?” እያለ ያሾፍብኛል። መጣልም፣ መብላትም አልቻልኩም። ለምን እንደሆነ ለሱም ነግሬው አላውቅም ነበር።

ልጅ እያለሁ፣ በዘጠኝ ዓመቴ፣ ከአዲስ አበባ አሜሪካ ወዳለችው አውሮራ ከተማ መጣሁ። እናቴ ወደ አሜሪካ የሄደችው የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ስለነበር ፊቷን የማውቀው በፎቶ ነው። “እማዬ” የምላት ያሳደገችኝን አክስቴን ነበር። አየር ማረፊያው ላይ እናቴ አቅፋኝ ስታለቅስ ምን ብዬ እንደምጠራት ግራ ገባኝ፤ ከዚያም በኋላ ወራት አለፉ፣ ምንም ብዬ አልጠራኋትም። የምፈልገው ነገር ሲኖር ዝም ብዬ አጠገቧ ሄጄ እቆማለሁ። እሷም “ምን ፈለግሽ የኔ ልጅ?” ትለኛለች። ቅር ይላት እንደሆነ አላውቅም፤ አንድም ቀን “እማዬ በይኝ” ብላኝ አታውቅም።

የምንኖረው ኮልፋክስ ጎዳና አጠገብ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ ነበር። እናቴ አየር ማረፊያ ዊልቸር ትገፋለች። ከሥራ እንደገባች ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ያን ፓስታ ታሰናዳለች። ሦስት ደቂቃ ቀቅላ ውሃውን ታጠልለዋለች፤ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ጠበስ ታደርግና ሚጥሚጣ፣ ሶይ ሶስና አንድ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ ጨምራ ትለውሰዋለች። ሽታው እስከ ደረጃው ድረስ ወርዶ ጎረቤት ያስነጥስ ነበር። በጾም ጊዜ ዱቄቱን አትነካውም። መጣል ግን ነውር ነው ትላለችና ጾሙ እስኪፈታ መሳቢያ ውስጥ ታጠራቅመዋለች።

የመጀመሪያው ክረምቴ ላይ ፍልሰታ ገባ። እናቴ ስለት ነበረባት። “እመቤቴ፣ ልጄን ካገናኘሽኝ በጾምሽ እቆርባለሁ” ብላ የተሳለችው ገና ብቻዋን ሳለች ነው። እኔ ስመጣ ንስሐ ገባች፣ ቀኖናዋን ፈጸመች፣ ለጾሙ ፍቺ ዕለት ከሥራ ፈቃድ ጠየቀች፣ ነጠላዋንም አጥባ ዘረጋች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳትቀምስ ሰው ስትገፋ ትውልና ከንፈሯ ደርቆ ትገባለች። እኔ ደግሞ ሶፋው ላይ ተቀምጬ አያታለሁ። የሆነ ነገር ላደርግላት እፈልግ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቀውም።

ጾሙ ሊፈታ ሦስት ቀን ሲቀረው ፓስታውን እኔ ልሥራላት አልኩ። ስታደርግ ያየሁትን አንድም ሳይቀር አደረግኩ። ስቀምሰው ግን ውሃ ውሃ አለኝ። የሷ አልሆነም። ሰዓቱን አየሁ፣ ልትደርስ ነው። መሳቢያውን ከፈትኩ። ሥጋ ሥጋ ነው፣ ዱቄት ግን ዱቄት ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ ዶሮዋም ብትሆን ሥዕል ናት። አንዱን ፓኬት ሙሉውን ገልብጬ ባዶውን ወረቀት ጫማዬ ውስጥ ደበቅኩ። ደግሜ ስቀምሰው ጣፈጠኝ፤ ጾሜንም በዚያው ገደፍኩ።

እናቴ ገብታ ሳህኑን ስታይ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ጸሎቷን አድርሳ ተቀመጠችና አንድ ጊዜ ጎረሰች። ከዚያ ማኘኳን አቆመች።

“ምን ጨመርሽበት?” አለችኝ።

“ሚጥሚጣ ብቻ” አልኩ። ፊቷን ሳየው ግን ፈራሁ፣ ያላሰብኩትም ቃል ከአፌ ወጣ፤ “አልጣፈጠሽም፣ እማዬ?”

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ አቀርቅራ ሳህኑን ጠርጋ በላችው። “ጣፍጦኛል” አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሚጥሚጣው ነው አልኩ በልቤ።

የፍቺው ዕለት እኛን ሕፃናቱን ምድር ቤት አዳራሽ ውስጥ ያስተምሩን ስለነበር ቅዳሴውን አላየሁም። ያን ቀን መምህራችን ሳይዘጋጅ የሚቆርብ ሰው ቅጣት እንደሚያገኘው ነገሩን። ፓኬቷ ትዝ አለችኝ። እናቴ ልትወስደኝ ስትመጣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ እንደ ቆራቢ ዝም ብላ ነበር። አለቀ፣ ቆርባለች፤ ቁርባኑን ያስደፈርኳት እኔ ነኝ አልኩ በልቤ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅጣቱን ስጠብቅ ኖርኩ። ስታስል እደነግጣለሁ፤ ከሥራ አሥር ደቂቃ ከዘገየች መስኮት ላይ እሰቀላለሁ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እኛ ቤት ብቅል አልነበረምና ሳልናገር አደግኩ። ተምሬ ነርስ ሆንኩ። እናቴ ከአራት ዓመት በፊት በካንሰር ስትታመም ካንሰር ምን እንደሆነ ከማንም በላይ አውቅ ነበር። ቢሆንም አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ የማስበው ያችን ፓኬት ነበር። ልነግራት አፌን ከፍቼ ስንት ጊዜ ዘጋሁት። ሳልነግራት ሞተች።

ባለፈው ፍልሰታ እትዬ ዘነበችን ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቶርንተን ላደርሳቸው መኪናዬ ውስጥ አስገባኋቸው። ከእናቴ ጋር ዊልቸር ሲገፉ የኖሩ፣ የልቧ ሰው ነበሩ። በመንገድ ላይ ድንገት የእናቴን ነገር አነሡ።

“እናትሽ አንቺ የመጣሽ ዓመት ሳትቆርብ ቀረች እኮ። ስለት እያለባት! ምነው ብላት፣ ልጄ ዱቄቱን ጨምራበት በላሁ አለችኝ። ሳታውቂ ነው? ብላት፣ አምስት ዓመት ሙሉ በሱ ኖሬ እንዴት አላውቀውም፣ ገና ስጎርሰው ነው ያወቅኩት አለች። ታዲያ ለምን አልተፋሽውም ብዬ ተቆጣኋት። ‘እማዬ አለችኝ፤ እንዴት ብዬ ልትፋው?’ አለችኝ። ለልጅቷ ትንፍሽ እንዳትዪ ብላ አስማለችኝ። በዓመቱ ነው የቆረበችው።”

መኪናውን ዳር አስይዤ ፓርክ አደረግኩ። እትዬ ዘነበች መሐረባቸውን ሰጡኝ። ቀለለኝ ብል እዋሻለሁ። ያን ሁሉ ዓመት ያታለልኳት መስሎኝ ስፈራ፣ ለካ እሷ ነበረች እኔን ስትጠብቀኝ የኖረችው።

አሁን ኩሽናዬ ከያኔው አፓርታማችን ሳሎን ይሰፋል። ልጄ ሶልያና ቀኑን ሙሉ “ማሚ፣ ማሚ” ትለኛለች፤ አንዳንዴ ይሰለቸኛል። አንዲት ሴት ያችን አንዲት ቃል ስንት ወር እንደጠበቀቻት፣ ስታገኛትም ምን እንደከፈለችባት ሳስብ አፍራለሁ። ነጭ ሽንኩርቱ ዘይት በነካ ቁጥር የእናቴ ድምፅ ከኋላዬ ይመጣል፤ ምን ጨመርሽበት? ይለኛል። ሁልጊዜ በልቤ የምመልሰው ያንኑ ነበር፤ ሚጥሚጣ ብቻ።

ባለፈው ዓርብ ግን ድምፄን አውጥቼ መለስኩ።

“ዱቄቱን ነው፣ እማዬ። ሙሉውን ፓኬት።”

ሶልያና ከሶፋው ላይ ቀና አለች። “ማሚ፣ ከማን ጋር ነው ቶክ የምታደርጊው?”

“ከእናቴ ጋር” አልኳት።

ስልኳን አስቀምጣ መጣችና ምንም ሳትል አጠገቤ ቆመች። ምድጃውን አጠፋሁት። ከዚያ የማይዘጋውን መሳቢያ ስቤ አሳየኋትና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት።