በሙዝ ቅጠል የተጠቀለሉ ጽጌረዳዎች

እርጥብ የሙዝ ቅጠል ሲሸት ሌላው ሰው ጫት ትዝ ይለዋል፤ እኔን ግን ጽጌረዳ ነው ትዝ የሚለኝ። ብትስቅብኝም ግድ የለኝም፣ ነገሩ እንዲህ ነው።

ጭሮ ሰባተኛ ክፍል እማር ነበር። ጫት የምትሸጠው እናቴ «ማንበቡንም ሒሳቡንም ችለሻል፤ ከመስከረም ጀምሮ ገበያ አብረሽኝ ትቀመጫለሽ» ብላ ቆርጣለች። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤቱን፣ ከሁሉም በላይ የአበባ ክበቡን እወድ ነበር። የቤት አያያዝ መምህርታችን ረጅሙን ከኋላ፣ አጭሩን ከፊት፣ በመሀል ደግሞ ትንሽ ክፍተት እየተውን አበባ መደርደር አስተምራናለች። ማስቀመጫችን የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ነበር።

የትምህርት ቤቶች የአበባ ውድድር ሚኤሶ ላይ ሊደረግ ሆነና ክበቡን ወክዬ እንድሄድ ተመረጥኩ። መምህርታችን ግን ሐሳብ ገባት፤ አበቦቹ ከኛ ብርድ ወጥተው የሚኤሶን ሙቀት አይችሉም። እናቴ ይህን ስትሰማ ቤታችን አስጠራቻት። የውድድሩ ቀን በማለዳ የተቆረጡትን ጽጌረዳዎች ልክ እንደ ጫቷ ውሃ እያርከፈከፈች በሙዝ ቅጠል ትጠቀልል ጀመር።

«እትዬ፣ እንዳይደቁብዎት» አለች መምህርታችን።

«አቦ፣ አንቺ አስተምሪ። መጠቅለሉን ለኔ ተዪው» አለቻት እናቴ።

በጫት መኪና ሦስታችንም ወረድን። ሚኤሶ መግቢያ ያለው ኬላ ላይ ፈታሹ ጥቅሎቹን ሲያይ ፊቱ በራ።

«ዛሬስ ምን ይዘሽ መጣሽ?»

«አበባ ነው» አለች እናቴ።

ሳቀባት። ያ መንገድ እናቴን በጫት ነው የሚያውቃት፤ እንዴት ብሎ ይመናት? ሁሉንም አውርዳችሁ ፍቱ አለ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እዚያ ከተፈቱ አለቀልን። ፈታሽ ለምና የማታውቀው እናቴ ያን ቀን ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ወላሂ አበባ ነው ወንድሜ። የልጄ ነው። አንዱን ብቻ ፍታው፣ እሱንም ጥላ ስር።»

መኪናው ጥላ ውስጥ ገባና ፈታሹ አንዱን ፈታ። ቀያዮቹ ጽጌረዳዎች ውሃቸው ሳይደርቅ ብቅ አሉ፤ ሽታቸው የናፍጣውን ሽታ አሸነፈው። ፈታሹ ጎንበስ ብሎ አሸተታቸው። ከዚያ ራሱ መልሶ ሊጠቀልል ሞከረና አልሆን ሲለው እናቴ ከእጁ ወስዳ ጠቀለለችው።

ሁለተኛ ወጣን። አንደኛ የወጡት ዛሬም አይዋጡልኝም፣ እውነቴን ነው። ዳኞቹ መሀሉን ለምን ክፍት እንደተውኩት ሲጠይቁኝ፣ እያንዳንዱ አበባ ለብቻው እንዲታይ ብዬ ነው አልኳቸው፤ አዳራሹ አጨበጨበ። እናቴ ከኋላ ቆማ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ይዛለች። ሰው ፊት ቆሜ ስናገር ስትሰማኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

ስንመለስ ዳገቱን እየወጣን አየሩ ቀዘቀዘ። ጭሮ ልንገባ ስንል እናቴ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «ለመስከረም ገበያ የምትረዳኝ ሌላ ልጅ እቀጥራለሁ» አለች። መምህርታችን እጄን ጨበጥ አደረገችኝ። ከዚያ ቀን የበለጠ የተደሰትኩበትን ቀን አላስታውስም።

ማንንም አልቀጠረችም። ትምህርቴን እስክጨርስ ድረስ ጫቱን ብቻዋን ጠቀለለች፣ ብቻዋን ተሸክማ ገበያ ወረደች።