ስሙ እስኪመጣላት

ኸይሪያ ከከሚሴ ጂዳ የገባችው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ እንደ ብዙዎቹ የሰው ቤት ልትሠራ። ሁለት ዓመት ሙሉ ወለል ስትወለውል ዞር ብሎ ያያት የለም። ስሟ የተነሣው በአንድ ቀን፣ በዒድ ማግስት፣ ጭንቅላቷን በፋሻ ጠምጥማ መድረክ ላይ የወጣች ዕለት ነው።

ጉለይል በሚባለው የጂዳ ሰፈር ክፍል ከምትጋራቸው ሴቶች አንዷ ሱረያ ናት። ሱረያ መስኮት ስትጠርግ ከሦስተኛ ፎቅ ወድቃ ጭንቅላቷ ተጎድቷል። አጥንቷ ገጠመ፤ የሰው ስም ግን ይጠፋባታል። ስታናግሯት የእጃችሁን አንጓ ጥብቅ አድርጋ ትይዝና ስማችሁ እስኪመጣላት አትለቅም። አንዳንዴ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። የማያውቃት «አብዳለች» ይላል። ምን አበደች! የምትፈልገውን አሳምራ ታውቃለች፤ መንገዱ ነው የረዘመባት።

የዒዱን ድራማ ያዘጋጀችው በላይነሽ ነች፤ ደሴ ሳለች በቀበሌ ኪነት የሠራች፣ አሁን በኒ ማሊክ ሰፈር ምግብ ቤት የምታበስል ሴት። ድራማው ከፎቅ ስለወደቀች ሠራተኛ ነው። ኸይሪያ ተዋናይዋ እንድትሆን ሲነገራት መጀመሪያ ሱረያን አስፈቀደች። ሱረያ እጇን ያዘች፤ ቃሉን ፈለገች፤ ፈለገች።

«አይሳቁብኝ» አለች በመጨረሻ።

ኸይሪያም ወላሂ ብላ ማለች።

በላይነሽ ግን የምትፈልገው ሳቅ ነው።

«ለሃጭሽን አዝረክርኪ እንጂ! ዓይንሽን አንሸዋሪ! ሰዉ ዓመቱን ሙሉ ሲያለቅስ ከርሞ ነው የሚመጣው።»

«ሱረያ ለሃጭ የላትም፣ እትዬ።»

«ድራማ እኮ ነው!»

«ድራማም ቢሆን። ካልሆነ ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

ሌላ ሰው ከየት ይመጣል? ከማዳሟ፣ ከአሠሪዋ ቤት ወጥታ ሌላ ሥራ እየጠበቀች ስለሆነ ለልምምድ ጊዜ ያላት ኸይሪያ ብቻ ነበረች።

ለዒዱ ከከተማ ወጣ ያለ ኢስቲራሃ ተከራዩ፤ ሰፊ ግቢና አዳራሽ ያለው መዝናኛ። ሴቶች ብቻ ጢም ብለው ሞሉት። ሱረያ ፊት ተቀመጠች። ከእሷ ትንሽ ራቅ ብላ ደግሞ ሚስከር፤ ሥራ የምታገናኘው ደላላ። እሷን ማስቀየም የሚደፍር የለም። የኸይሪያ ቀጣይ ሥራ በእጇ ነው። ሱረያን ያን ባለ መስኮት ቤት ያስገባቻትም እሷው ነች፤ ከወደቀች ወዲህ ግን አንድ ቀን መጥታ አልጠየቀቻትም።

ኸይሪያ መድረክ ላይ ወጣች። ጎረቤት ሆና የምትጫወተዋን ልጅ እጅ ይዛ ስም ትፈልግ ጀመር። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፋሻ ካዩ ቀልድ ነው ብለው ነው! ኸይሪያ ሱረያን ቀና ብላ ማየት አፈረች። ይባስ ብሎ ሚስከር በሳቅ እየተንፈራፈረች ተነሣች፤ ዘፋኝ እንደሚሸለመው መድረክ ላይ ወጥታ ሀምሳ ሪያል ግንባሯ ላይ፣ እዚያው ፋሻው ላይ ለጠፈችላት። እልልታው ቀለጠ።

ይኼኔ ኸይሪያ ደሟ ፈላ። የሚስከርን እጅ ቀጨም አደረገች።

«አንቺ… አንቺ…»

ሳቁ ቀጠለ።

«ስምሽ… ቆይ… ስምሽ…»

ሳቁ ሳሳ። ሚስከር ፈገግ እንዳለች እጇን ሳበች፤ ንቅንቅ አላለም። ሀምሳ ሪያሉ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ማንም አላነሣውም። ከመጋረጃው ኋላ በላይነሽ «ልቀቂያት፣ አንቺ ልጅ!» እያለች ትንሰፈሰፋለች።

«ኸላስ፣ በቃ ልቀቂኝ» አለች ሚስከር ጎንበስ ብላ። «ሥራ አትፈልጊም እንዴ?»

ኸይሪያ ሥራውን ትፈልገዋለች፤ የክፍሉ ኪራይ እንኳ ደርሶባታል። ግን አለቀቀችም። ሱረያ ብትሆን አትለቅም ነበርና። አሁን የሚስቅ የለም።

ከፊት ረድፍ ሱረያ ተነሣች። ከንፈሯ ሁለት ሦስቴ ተንቀሳቀሰ፤ አዳራሹ ሁሉ ጠበቃት።

«ሚስከር» አለች። «ሚስከር ናት።»

ኸይሪያ እጇን የለቀቀችው ያኔ ነው።