የኔታ ያላስነኩት ላፕቶፕ

እኔ ልሙት፣ ይህች የምነግራችሁ ከላይ እስከ ታች እውነት ናት።

የቅኔ መምህሬ የዲማው የኔታ ታመው፣ ያሳደጓት የልጅ ልጃቸው ደብረ ማርቆስ ላይ ስትዳር ሳያዩ ቀሩ። እኔና የእህቴ ልጅ የሠርጉን ቪዲዮ በየላፕቶፓችን ጭነን ልናሳያቸው ሄድን። የእኔ አሮጌ ናት፤ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ተጭኖባታል። የእሱ ዊንዶውስ ያለው አዲስ ነው፤ ራም የሚሉት ማስታወሻው ዝሆን ያስተኛል።

«ጋሼ፣ ይቺን እንኳ ለሙዚየም ይስጧት» እያለ መንገዱን ሙሉ አላገጠብኝ።

«የኔታ ፊት እንተያያለን» አልኩት።

እኩል ከፈትን። የእኔዋ፣ የኔታ አማትበው ሳይጨርሱ፣ ሙሽራዋን አወጣች። የእሱ «እየታደስኩ ነው፣ አታጥፉኝ» የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ደረቀ። ልጁ አፍሮ ሊያጠፋው ሲል የኔታ እጁን በመቋሚያቸው መለሱት።

«ተው! ቅኔ ሊቆጥር በሐሳብ የጠፋ ተማሪ ይነካል?»

«የኔታ፣ ማሽን እኮ ነው!»

«ቢሆንስ? ጓደኛው ሰው ፊት ቀድሞታል። ጊዜ ስጡት።»

የሙሽራዋን ፊት እያዩ እንባቸው ጺማቸውን አራሰው። ቪዲዮው አልቆ ልንነሳ ስንል ግን አለቀቁንም። ያኛው በስንት መከራ ሲከፍት፣ ምንም እንዳላዩ ሆነው ሠርጉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዩለት።

«ጎሽ! ደረስክ» አሉት።

አንዲት ኢምንት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ። ላፕቶፖቹን አቀያይሬያቸዋለሁ፤ ሲጠበቅለት የዋለው የእኔው ነው።